«ምን አገባችሁ?» ላልከን

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አልከን። ቅዳሜ ጠዋት አካፋና መጥረጊያ ይዘን በአሮጌው ቤት የፈረሰ አጥር ስንገባ አይተህ፣ እጅህን ኪስህ ውስጥ እንደከተትክ አልከን። መልሱን ስማ። ጤፉን የተበደርነው ቸግሮን ነው። በሰፈራችን ተማሪ ቁጭ ብሎ የሚያነብበት ክፍል የለም። ጡረተኛ የሚውልበት ደጅ የለም። እድራችን ለስብሰባ ድንኳን ይተክላል፤ ዝናብና ነፋስ ሲመጣ ሰብሳቢውም ተሰብሳቢውም ይበተናል። ቤቱ ግን አለ። ቆርቆሮው ተገንጥሎ፣ የበረንዳው እንጨት ተሰነጣጥቆ፣ በሩ በሽቦ ታስሮ እዚያው ቆሟል። ቤት ያጣ ሰፈርና ሰው ያጣ ቤት ጎን ለጎን ቆመው እያየህ «አልቸገራችሁም» ካልከን፣ ችግር የምትለው ምኑን ነው?

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ብለህ ደገምከን። ይሁን። ሠሪው ማነው ታዲያ? ቤቱን ያነጸው ግንበኛ አፈር ከሆነ ቆየ። ባለቤቱ በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ቁልፉን አስረክቧል። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ባሉ ትልልቅ ቤቶች ውስጥ ብዙ አባወራ ገባ፤ ሳሎኑ በጣውላና በካርቶን ተከፋፈለ፤ በረንዳው ወጥ ቤት ሆነ። ተከራዩ «የእኔ አይደለም» ብሎ አልጠገነም። ቀበሌው ከሚሰበስባት ጥቂት ብር ጣሪያ አልለወጠም። ቤቱን የጎዳው ይኸው ነው፤ ሁሉም ይኖርበት ነበር፣ ጣሪያው ላይ የሚወጣ ግን አልነበረም። አንዲት የተነሳች ቆርቆሮ መልሶ ለመምታት መዶሻና ጥቂት ሚስማር ይበቃ ነበር። የሚመታት በመጥፋቱ ውኃው ከቆርቆሮው ወደ ኮርኒሱ፣ ከኮርኒሱ ወደ ማገሩ፣ ከማገሩ ወደ ጭቃው ወረደ። ሠሪው ይመጣል ተብሎ ሃምሳ ክረምት ተጠበቀ። አልመጣም። እኛ መጣን።

«መንግሥት ምን ሊሠራ ነው?» ትላለህ። የመንግሥትን ድርሻ ከመንግሥት አንወስድም። የ1992 ዓ.ም. የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ፣ ቁጥር 209፣ ቅርስ በእጁ ያለ ሁሉ በራሱ ወጪ እንዲጠብቀው ያዝዛል፤ ጥገና ሲያደርግም አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ እንዲያገኝ ያስገድዳል። አዋጁ ጥሩ ነው። ነገር ግን አዋጅ መሰላል ላይ ወጥቶ አሸንዳ አይጠርግም። የሚጠርግ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ደመወዝተኛ ሊሆን ይችላል፤ ጎረቤትም ሊሆን ይችላል። ጎረቤቱ ይቀርባል።

«የት ታይቶ ነው?» ላልከው ደግሞ ባዝ ታይቷል እልሃለሁ፤ እንግሊዝ አገር። ይህቺን ታሪክ ረጋ ብለህ ስማት፤ የእኛም ታሪክ ናት።

ባዝ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ በፍል ውኃዋ የታወቀች ከተማ ናት። በዚያች ከተማ ፌርፊልድ የሚባል ቤት አለ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ዓለምን ወቀሱ። ዓለም ሰምቶ እንዳልሰማ አለፋቸው። እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1936 ፌርፊልድን ገዝተው ከነቤተሰባቸው ገቡበት፤ እስከ እ.ኤ.አ. 1940 ድረስ የስደት ቤታቸው እሱ ሆነ። ገንዘብ አጥሯቸው ነበር። ብርዱ ለእቴጌ መነን አልተስማማቸውም። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለው የሕይወት ታሪካቸው የተጀመረው እዚያ ነው። አገራቸው ነጻ ወጥታ ዙፋናቸው ላይ ከተመለሱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ባዝን ሲጎበኙ ከተማዋ የክብር ዜግነት ሰጠቻቸው። እሳቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ቤቱን ለከተማዋ ሰጡ፤ ለአረጋውያን መገልገያ ይሁን ብለው።

እዚህ ላይ ቆም በል። ንጉሠ ነገሥት ናቸው፤ የኖሩበትን ቤት ሐውልታቸው ማድረግ ይችሉ ነበር። ሽማግሌ እንዲጦርበት ሰጡት። ቤት የተሰጠበት ዓላማ ይህን ያህል ግልጽ የሆነበት ቦታ ብዙ አላውቅም።

ቤቱም ለብዙ ዓመታት የአረጋውያን መኖሪያ ሆነ። ያ ካበቃ በኋላ ከልዩ ልዩ አገር ወደ ባዝ የመጡ አረጋውያን ማኅበር መዋያው አደረገው። ከእነዚህ ብዙዎቹ የካሪቢያን ሰዎች ናቸው፤ ከእ.ኤ.አ. 1948 ጀምሮ መርከብ እየተሳፈረ መጥቶ፣ ከጦርነት የወጣችውን እንግሊዝ አውቶቡስ እየነዳ፣ በሽተኛ እያስታመመ መልሶ ያቆማት ትውልድ። ሮጠው ካገለገሉ በኋላ ጉልበታቸው ሲደክም ምሳ የሚበሉበት፣ ዶሚኖ የሚጫወቱበት፣ የሚስቁበት ቦታ ፈለጉ። አንድ የአፍሪካ ንጉሥ ለሽማግሌ ብሎ የሰጠው ቤት ተገኘላቸው።

ቆይቶ የከተማው ምክር ቤት ቤቱን ከእጁ ለማውጣት አሰበ። ሰፊ ግቢ ያለው ትልቅ ቤት ነው፤ ጥገናው ወጪ አለው፤ ገዢም አያጣም። ያን ጊዜ አረጋውያኑ፣ ንጉሡን የሚያከብሩ ራስ ተፈሪያንና የከተማዋ ነዋሪዎች አንድ ላይ ቆሙ። ለማኅበረሰብ ጥቅም የሚሠራ ድርጅት አቋቁመው የቤቱን አስተዳደር ጨበጡ። ዛሬ ግቢውን የሚኮተኩቱት፣ ጎብኚ ተቀብለው ታሪኩን የሚነግሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከመካከላቸው አብዛኛው ኢትዮጵያዊ አይደለም።

እስቲ እነሱን «ምን አገባችሁ?» በላቸው። ከካሪቢያን ደሴት ተነስቶ ባዝ ውስጥ ያረጀ ሰው የኢትዮጵያ ንጉሥ ቤት ጣሪያ ቢያፈስ ምን አገባው? ያገባዋላ! ቢያፈስ የሚንጠባጠበው ሳህኑ ላይ ነው። ቤቱን ያዳነውም ይኸው ነው፤ ባዶ ቢሆን ኖሮ የሚጮህለት ባልተገኘ። ሰው ሞልቶበት ስለተገኘ ባለቤቶች ተነሡለት። ለዚህ ነው «መጀመሪያ ይታደስ፣ ከዚያ ምን እንደሚሆን እናያለን» የሚሉንን የማልሰማው። አስቀድመህ ማን እንደሚገባበት ንገረኝ፤ ጣሪያውን ማን እንደሚጠብቀው ያን ጊዜ እነግርሃለሁ።

«የንጉሥ ቤት ነው እኮ! እኔ ንጉሥ አልወድም» ያልከኝ አንተ ደግሞ ወደዚህ ና። ንጉሥ አለመውደድ መብትህ ነው፤ ማንም አይነካብህም። ግን ስድስት ኪሎ ሄደህ ታውቃለህ? እዚያ ያለው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበረ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግርግር መሳፍንቱና ሚኒስትሮቹ የተረሸኑት በዚያ ቤት አረንጓዴ ሳሎን ነው። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ተማሪው ገባበት፤ ተማረበት፤ «መሬት ለአራሹ» ብሎ ከዚያው በር ወጣ። ንጉሥን መቃወም ስንኳ መሰብሰቢያ ቤት ይፈልጋል ወዳጄ! ደም የፈሰሰበት ቤት ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ሙዚየሙ ነው። የተቋሙ ወዳጆች ማኅበርም ገንዘብ እያሰባሰበ ከአገር ሊወጡ የነበሩ ሥዕሎችና የብራና መጻሕፍት እየገዛ እዚያ አስገብቷል። ግድግዳ ፖለቲካ የለውም። ያስገቡትን ያስተናግዳል።

«ይሄ ሁሉ ፈረንጅ አገርና ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በእኛ በተራ ሰዎች እጅ አይሆንም» ስትልም ሰምቻለሁ። ሐረር ሂድ።

ጀጎል ውስጥ የራስ ተፈሪ ቤት የሚባል አለ። ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው፣ የእንጨት ጥርቡ ዓይን የሚይዝ ቤት ነው፤ ተፈሪ መኮንን የጫጉላ ጊዜያቸውን አሳልፈውበታል ይባላል። ባዝ ያለውን ቤት የገዙት ያው ሰው መሆናቸውን ልብ በል። ቤቱ በአንድ ወቅት የባህል ሐኪም ከነቤተሰቡ የሚኖርበት፣ በእርጅና ላይ ያለ ቤት ነበር። አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ደግሞ የከተማቸው ታሪክ በየቤቱ ሳጥን ውስጥ እየጠፋ ሲያዩ ዝም አላሉም። የሐረሪ ቤተሰቦች የያዙትን በእጅ የተጻፈ መጽሐፍ፣ ሳንቲም፣ ጌጣጌጥ፣ ልብስ፣ የዘፈን ቅጂ ሰበሰቡ፤ በራሳቸው መኖሪያ ቤት ሙዚየም ከፈቱ። ልባሱ የወለቀ፣ ገጹ የተበላ መጽሐፍ ሲመጣላቸው ተቀምጠው ይጠግናሉ፤ ገጹን አስተካክለው፣ ጥራዙን ሰፍተው፣ ቆዳ ያለብሱታል። ክልሉ የራስ ተፈሪን ቤት የሰጣቸው ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ነው። ሥራው ቀደመ፣ ቤቱ ተከተለ። ዛሬ ሐረርን የሚጎበኝ ብዙ ሰው የዚያን ቤት ደረጃ ይወጣል። አቶ አብዱላሂ «ምን አገባኝ» ቢሉ ኖሮ መጻሕፍቱም ቤቱም ዛሬ በየት በኩል በተገኙ?

እስካሁን ቀላል ቀላሉን መለስኩ። አንዱ ነቀፋችሁ ግን እውነት አለበት፤ አልሸሸውም። «ቅርስ ማንም ተነስቶ ይነካዋል እንዴ?» ብላችኋል። አይነካውም! በቅንነት የተሠራ ጥገና ከቸልተኝነት ያላነሰ ጉዳት ሲያደርስ አይቻለሁ።

አራዳ አካባቢ አንድ ቤት ገብቼ ግድግዳውን በጣቴ አንኳኳሁ። ከላይ በሲሚንቶ ተለስኖ፣ ቢጫ ቀለም ተቀብቶ ያምራል። ድምፁ ግን ባዶ ነው። ከታች በኩል የተሰነጠቀውን ልስን አብሮኝ የነበረው አናጢ በመዳፉ ገፋ ሲያደርገው ትልቅ ቁራጭ ሆኖ ተነሳ። ከኋላው ጭቃው ዱቄት ሆኗል፤ ጭዱ ብቻ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ወደ ውስጥ ያለው የቋሚው እንጨት በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የጭቃ ግድግዳ ከመሬትም ከአየርም እርጥበት ይስባል፤ ፀሐይ ሲመጣ መልሶ ይለቃል። ሲሚንቶ ሲለሰንበት መውጫው ይዘጋል። ውኃው ውስጥ ተቀምጦ እንጨቱን ያበሰብሳል፤ ምስጥም ይጠራል። የድሮ ሰው በኖራ ይለስን የነበረው ሲሚንቶ ስላጣ ብቻ አይደለም፤ ኖራ እርጥበቱን ያሳልፋል፣ ከጭቃው ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። ያንን ቢጫ ግድግዳ የለሰኑት ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ቸኩለው ነው።

ስለዚህ ሕጋችን ይህ ነው። ሲሚንቶ ወደ ግቢው አይገባም። ፈቃድና ባለሙያ ሳይኖር ግድግዳ አይለሰንም፣ በር አይነቀልም፣ ቀለም አይፋቅም። ከመነካቱ በፊት ሁሉም ነገር ፎቶ ይነሳል፤ የወረደ ጣውላ ሁሉ ቁጥር ይጻፍበታል፣ በወረደበት ተራ ይቀመጣል። ከግድግዳ የበቀለ የሾላ ችግኝ ተጎትቶ አይነቀልም፤ ሥሩ ድንጋይ ይዞ ይወጣል፤ ከግንዱ ይቆረጣል። ፈቃደኛ ሰው የሚሠራው ሞልቷል። ቆሻሻ ያወጣል። አሸንዳ ይጠርጋል። ውኃ ከመሠረቱ እንዲርቅ ቦይ ይቆፍራል። ሌሊት ይጠብቃል። ከሰፈሩ ሽማግሌዎች የቤቱን ታሪክ ይቀዳል። አንድ አሸንዳ በቅጠል ሲደፈን ውኃው ግድግዳው ላይ ይለቀቃል፤ አንድ ክረምት የተለቀቀበት ግድግዳ ለቀጣዩ ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ አሸንዳ ጠራጊውን አትናቅ። ቤቱን ያቆመው እሱ ነው።

እማማ፣ እርስዎ ደግሞ በሩ ላይ ቆመው «ልጆቼ፣ ቤቱ ላያችሁ ላይ ይወድቃል» ብለውናል። ስለ አሳቢነትዎ እናመሰግናለን። የሚያሰጋውን ክፍል በባሕር ዛፍ ቋሚ ደግፈነዋል፤ መሐንዲስ ሳያየው ማንም አይገባበትም። ግን እርስዎ የሚያውቁትን እኛ አናውቅም፤ ድሮ ጉድጓዱ በየት በኩል ነበር? የኋላው ደረጃ ስንት እርከን ነበረው? ቡና ጠጥተን እንጠይቅዎታለን።

«ጭቃ ቤት ዕድሜ የለውም» ላልከው፣ ማሊ ውስጥ ጄኔ የምትባል ከተማ አለች። ታላቁ መስጊዷ በዚህ መልኩ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው፤ ከእግር እስከ ራሱ ጭቃ ነው። የከተማው ሰው በየዓመቱ ወጥቶ ይመርገዋል። ወጣቱ ጭቃ ተሸክሞ ይሮጣል፤ ግንበኛው ተንጠልጥሎ ይለስናል፤ ቀኑ በዓል ነው። ዩኔስኮ ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1988 መዝግቧታል። ጭቃ ዕድሜ አለው። ዕድሜ የሌለው የእኛ ትዕግሥት ነው።

«አፍርሶ አዲስ መሥራት ይረክሳል» ትላለህ። ለማን? ከአሮጌው ቤት የሚወጣውን የጥድ ምሰሶና የዝግባ ሳንቃ ዛሬ ገበያ ወጥተህ ግዛልኝ፤ ያን ውፍረት ያለው እንጨት የምታገኝበት ደን የለህም። ድንጋዩን የጠረበው እጅ የለም። የበረንዳውን ጥልፍ የመሰለ እንጨት የሚፈለቅቅ ባለሙያ በጣት የሚቆጠር ነው። ስታፈርሰው ይህ ሁሉ ለማገዶና ለመሙያ ይሄዳል። ከዚያ ለአዲሱ ብረትና መስተዋት ትገዛለህ። ይህን ሁሉ ጨምረህ ደምር፤ ከዚያ ርካሽ በለኝ።

አንዱ ጎረምሳ ደግሞ ሳቅ እያለ «ያባት ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ ነው ተረቱ» አለኝ። ተረቱን አውቀዋለሁ፤ ከሰማሁት ተረት ሁሉ የምጠላው እሱን ነው። የበሩን ማጠፊያ፣ የመስኮቱን ብረት፣ የምድጃውን ጡብ አንድ በአንድ ለቃቅሞ የጨረሰው ይህ ተረት ነው። ልጄ፣ አባት ከሞተ በኋላ ቤቱን የሚዘርፍ ልጅ የሚያገኘው አንድ ማጠፊያ ነው። የሚጠብቀው ልጅ የሚያገኘው ቤት ነው። አንተ የትኛውን ትሸጣለህ? የወሰድካት የመዝጊያ እጀታ ቤትህ ካለች ደግሞ መልሳት። ማን አመጣት ብለን አንጠይቅም።

«በነጻ የሚሠራ ጅል ነው» ያለውን ግን በዝምታ አላልፈውም። አባትህ ሲያርፉ ድንኳኑን ማን ተከለልህ? ወንበሩን ማን ደረደረ? ሦስት ሌሊት ከአጠገብህ ማን አደረ? ስንት ከፈልከው? እህልህ ማሳ ላይ ሳለ ዝናብ ሲያስፈራራህ በደቦ የወጡልህ ገበሬዎች፣ በወንፈል ቤትህን የሠሩልህ ጎረቤቶች ጅሎች ናቸው? ይህች አገር የቆመችው ዋጋው ባልተጻፈ ጉልበት ነው። ለቀብርና ለአጨዳ የምናውቀውን ለመጻሕፍት ቤትና ለልጆች መዋያ ማድረግ ሊከብደን አይገባም።

«ፎቶ ተነስታችሁ ልትሄዱ ነው» ስትል ደግሞ ንዴትህ ይገባኛል። አዲስ ቲሸርት ለብሰው፣ አንድ ችግኝ ለአሥር ይዘው፣ ካሜራው ሲዘጋ የተበተኑ ሰዎች አይተሃል። እኔም አይቻለሁ። እንዲህ ዓይነት ዘመቻ ቤቱን አይረዳም፤ የሰፈሩንም ሰው ያስመርራል። መለያው ቀላል ነው። ሁለተኛው ክረምት ሲገባ አሸንዳውን የሚጠርግ ካለ ሥራ ነው፤ ከሌለ ግርግር ነበር። በሁለተኛው ክረምት መጥተህ እየን። ያን ጊዜ ባታገኘን ስማችንን ጠርተህ ውቀሰን።

አሁን ደግሞ ቁልፍ የያዛችሁ ሹማምንት ሆይ፣ ለእናንተም አለኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤያችንን ተቀብሎ ወደ ሌላው መራን፤ ሌላው «ቤቱ በእኛ መዝገብ የለም» ብሎ መለሰን፤ ሦስተኛው «ማኅበር አይደላችሁም» አለን። ማንም ክፉ አልተናገረንም። ማንም ግን በሩን አልከፈተም። በዚህ መሀል ጊዜው ሄደ። ጉልበት አለን፣ ገንዘብ እናዋጣለን፣ ባለሙያ ለምነን እናመጣለን፤ የሌለን ፈቃድ ብቻ ነው። ባዝ ውስጥ ነገሩን የለወጠው ነዋሪው የቤቱን አስተዳደር መረከቡ ነው። ሐረር ላይም የክልሉ መንግሥት የሠራን ሰው አይቶ ቤት ሰጠ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ የቤቱን ባለቤትነት አንጠይቅም። የጥበቃና የመገልገያ ውል ስጡን፤ ግዴታችንን ዘርዝራችሁ ጻፉ፤ መሐንዲሳችሁን እየላካችሁ ተቆጣጠሩን። ካጠፋን ቁልፉን ተቀበሉን። ቤቱ እያያችሁት ከሚፈርስ ይሻላል።

«ሙዚየም አድርጉት እንጂ የእድር መሰብሰቢያ ምን ክብር አለው?» ብላችሁ የምትከራከሩ የተማራችሁ ወዳጆቼም አላችሁ። ሙዚየም እወዳለሁ። ግን አገሩ ሁሉ በመስተዋት ሣጥን አይያዝም። አንድ ክፍል የቤቱን ታሪክ ይናገር፤ ፎቶውን፣ ካርታውን፣ የባለቤቶቹን ስም ይያዝ። በቀረው ክፍል ልጅ ያንብብ፣ እናቶች ይሰብሰቡ፣ ሽማግሌ ዳማ ይጫወት። የፌርፊልዱን ለጋሽ ያስከበራቸው መስተዋት አይደለም፤ እዚያ ምሳ የበላ ሽማግሌ ሁሉ ስማቸውን እየጠራ መብላቱ ነው።

እንግዲህ ነቀፋህን ሁሉ ሰማሁ፤ መለስኩልህም። አሁን የእኔ ተራ ነው። ሰኔ ሳይገባ ጣሪያውን መሸፈን አለብን። መሰላል ካለህ ይዘህ ና። አናጢ ከሆንክ ቅዳሜ ጠዋት አትቅር። ሁለቱም ከሌለህ የአያቶችህን የፎቶ አልበም አገላብጥልን፤ በዚያ በረንዳ ላይ የተነሡት የሠርግ ፎቶ ካለ አምጣልን። የግራው የበረንዳ ክንፍ ፈርሶ ስላገኘነው አናጢው የእንጨቱን ጥርብ የሚያይበት አጥቷል።